በኩቤክ ቅጥር ዙሪያ፦ ስለ 1759ኙ ከበባ ደፈጣና ተኩስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኩቤክ ከበባ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ ወደ አንዲት ጠዋት ይሄዳል፤ ወደ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759፣ ወደ አብርሃም ሜዳ፣ የሁለቱም ወገን ጄኔራሎች ወደ ወደቁበት ውጊያ። የዚያ ውጊያ ዋና ተኩስ የፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በፊት ግን 11 ሳምንት ሙሉ ሰው በየጫካው፣ በየመልካውና በየአጥሩ ጥግ ሲገዳደል ከርሟል። ይህ ገጽ ስለዚያኛው ጦርነት ነው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የ1751 ክረምትና የ1752 ዓ.ም. መግቢያ መሆኑ ነው፤ ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ የነገሡበት ዘመን።

ከባቢው ማን፣ ተከባቢው ማን ነበር?

ከባቢዋ ብሪታንያ፣ ተከባቢዋ ፈረንሳይ ነበረች። ኩቤክ ያኔ በሰሜን አሜሪካ የነበረው የፈረንሳይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን 8 ሺሕ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በሰባቱ ዓመታት ጦርነት መካከል፣ በ1759 ጁን መጨረሻ፣ የአድሚራል ቻርልስ ሳውንደርስ መርከቦች የሴንት ሎውረንስን ወንዝ ሽቅብ ወጥተው 8,500 ገደማ ወታደር አራገፉ። የምድር ጦሩ አዛዥ ጄምስ ዎልፍ ገና የ32 ዓመት ሰው ነበር።

በፈረንሳይ በኩል የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሞንካልም 15 ሺሕ ገደማ ታጣቂ ነበረው። ቁጥሩ ያታልላል፤ አብዛኛው ከእርሻው ተጠርቶ የመጣ ባላገር ነው። ከዚህም የባሰው ችግር በላይኛው ማዕረግ ላይ ነበር። አገረ ገዥው ቮድሬይ ካናዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለነበር በደፈጣ ያምናል። ሞንካልም ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ የሰልፍ ጦር መኮንን ነው፤ በጫካ ውስጥ እየተሽሎከለኩ መተኮስን እንደ ጦርነት ለመቁጠር ይከብደዋል። ሁለቱ አይዋደዱም ነበር። ይህን ጠብ ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ብዙው ነገር ግራ ይገባዋል።

ቅጥር ያላት ከተማ ሆና ሳለ ውጊያው ለምን ውጭ ሆነ?

ኩቤክ ገደል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በወንዙ በኩል ገደሉ ራሱ ይጠብቃታል። ቅጥሩ የሚያስፈልጋት በምዕራብ፣ ሜዳው በተዘረጋበት አቅጣጫ ነው፤ ይህንንም መሐንዲሱ ሾስግሮ ደ ሌሪ ከ1745 ጀምሮ አሠርቶት ነበር። ሞንካልም ግን በዚህ ግንብ እምነት አልነበረውም። ከባድ መድፍ ፊቱ ላይ ከተጠመደበት ብዙ ቀን እንደማይቆም ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ጦሩን ከቅጥሩ አውጥቶ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በቦፖር ዳርቻ፣ ከሴንት ሻርል ወንዝ እስከ ሞንሞራንሲ ፏፏቴ ድረስ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ዘርግቶ መሸገ። ከተማዋን እንዲጠብቅ ራምዜ የተባለውን መኮንን ከጥቂት ሰው ጋር ተወው። እንግሊዞቹ ደግሞ በሦስት ቦታ ተከፋፍለው ሰፈሩ፤ በኦርሌአን ደሴት፣ ከከተማዋ ትይዩ ከወንዙ ማዶ ባለው ፖይንት ሌቪ እና ከጁላይ 9 ጀምሮ ከፏፏቴው ምሥራቅ። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ ጦሮች መካከል ያለው ወንዝ፣ ጫካ፣ መልካና የገበሬ ማሳ ሁሉ ባለቤት የሌለው መሬት ሆነ። ተኩሱ የነበረው እዚያ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ውጊያ ምን ይመስላል?

በድሮው የአገራችን የጦር አነጋገር ቃፊር የሚባለው አለ፤ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ጠላትን የሚያይ፣ ሲመጣም ቀድሞ የሚተኩስ ዘብ። የኩቤክ በጋ (በእኛ ክረምት) ውጊያ በአብዛኛው የቃፊር ከቃፊር ጋር ውጊያ ነው። ሃያ ሰው እንጨት ሊቆርጥ ይወጣል፤ ጫካው ውስጥ ያደፈጡ ይጠብቁታል። ጀልባ ውኃ ሊቀዳ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ከቁጥቋጦ ጥይት ይመጣል። ሌሊት አንድ ዘብ ይጠፋል፤ ጠዋት ሬሳው ይገኛል። እንዲህ ያለውን በቀን በቀኑ የመዘገቡ የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ፤ ማስታወሻቸውን ሲያነቡት ከመድፉ ይልቅ የሚያስመርራቸው ይህ እንደነበር ይታያል።

መሣሪያው ዘገምተኛ ነበር። አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉት የነበረው ዓይነት፣ ከአፈሙዙ የሚጎረስ የባልጩት ጠመንጃ ነው። ወታደሩ በወረቀት የተጠቀለለውን ባሩድ በጥርሱ ቀዶ ጥቂቱን መለኮሻው ላይ ያፈሳል፣ የቀረውን ከነእርሳሱ በአፈሙዙ ይከታል፣ በዘንግ ይጎሰጉሳል፣ ቃታውን ያነሣል፣ ይተኩሳል። በደንብ የሠለጠነ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይደግመዋል። ከመቶ ሜትር ወዲያ ያለን ሰው ለይቶ መምታት ደግሞ የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሰልፍ ጦር ቆሞ፣ ተጠጋግቶ፣ በአንድ ጊዜ ይተኩሳል። አዳፋጩ ግን አንዴ ከተኮሰ በኋላ ባዶ ጠመንጃ ይዞ መታየት አይፈልግም፤ ይተኛል፣ ተኝቶ ወይም ዛፍ ተከልሎ ያጎርሳል። ይህን ልማድ ልብ ይበሉልኝ፤ በሴፕቴምበሩ ውጊያ ዋጋ ያስከፍላል።

ተኳሾቹ እነማን ነበሩ?

በፈረንሳይ ወገን ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው የካናዳ ሚሊሺያ ነው፤ ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ የመዝመት ግዴታ ነበረበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዳኞች ናቸው፤ ቀለል ያለ የአደን ጠመንጃ ይይዛሉ፣ ሳንጃ የላቸውም። ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ተዋጊዎች ናቸው፤ አቤናኪ፣ ዌንዳት፣ ኦዳዋ እና ሌሎችም። እነዚህ የፈረንሳይ ወታደሮች አልነበሩም። በራሳቸው አለቆች የሚመሩ፣ ሲያሻቸው የሚቆዩ፣ ሲያሻቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ አጋሮች ነበሩ።

በእንግሊዝ ወገን ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ሬንጀሮች (የጫካ ዘማቾች) ስድስት ቡድን ነበሩ። ከዚያም ሌላ ከመደበኛው ጦር ፈጣን ፈጣኑ ተመርጦ ቀላል እግረኛ የሚባል ክፍል ተቋቋመ፤ አዛዡ ኮሎኔል ዊሊያም ሃው ነበር። ሬንጀሮቹ መጀመሪያ ላይ በጫካ ሲመቱ ከርመው ነበር፤ በጋው ሲያልቅ ግን ጨዋታውን ለምደውታል።

ተማሪዎች ዘመቱ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ታሪክ ነው።

የኩቤክ ነዋሪ ከገደሉ ጫፍ ሆኖ እንግሊዞቹ ማዶ ፖይንት ሌቪ ላይ መድፍ ሲያጠምዱ በዓይኑ ያይ ነበር። የሚጠመደው በእሱ ቤት ላይ መሆኑን ያውቃል። ጦሩ ዝም ሲል ጊዜ የከተማው ሰው ራሱ «እኛ እንሂድ» አለ። ነጋዴው፣ ባለእጁ፣ ሚሊሺያው፣ ጥቂት ተወላጅ ተዋጊዎችና የሴሚናሪው (የካህናት ማሠልጠኛው) ተማሪዎች ተደባልቀው ከአንድ ሺሕ በላይ ሆኑ። ተማሪዎቹን ቀልደኞች «ሮያል ሰዋስው» የሚል ስም አወጡላቸው፤ የንጉሡ ሬጅመንቶች (የጦር ክፍሎች) «ሮያል» ምንትስ ይባሉ ስለነበር ነው። አዛዣቸው ዱማ የተባለ ልምድ ያለው መኮንን ነበር።

በጁላይ 12 ሌሊት ወንዙን ተሻግረው ጫካ ውስጥ በሁለት ረድፍ መሄድ ጀመሩ። ጨለማ ነው። አንዱ ኮሽታ ሰምቶ ተኮሰ። ከኋላ ያሉት ጠላት የመጣ መስሏቸው በፊተኞቹ ላይ ተኮሱ፤ ፊተኞቹም መለሱ። ከዚያ ሁሉም ዳገቱን እየተንከባለለ ወደ ጀልባው ሮጠ። ሰብሰብ አድርገው እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ያው ሆነ። ሲነጋ የእንግሊዝ መድፍ ሳይነኩ፣ የራሳቸውን ቁስለኛ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ሌሊት ማዶ ያሉት መድፎች በከተማዋ ላይ ተኩስ ከፍተው ነበር። በጁላይ 22 ሌሊት ካቴድራሉ ነደደ፤ በኦገስት 8 ሌሊት ደግሞ የታችኛው ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኑ ዐመድ ሆነ።

ድፍረት አልጎደላቸውም። የጫካ ሌሊት ውጊያ ከሁሉም በላይ ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ነው። የሚሊሺያ ስም ይዞ መውጣት ብቻውን አዳኝ አያደርግም።

ፈረንሳዮች በደፈጣ ድል ሊያገኙ ይችሉ ነበር?

አንድ ጊዜ በጣም ቀርበው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሻርል ደ ላንግላድ የሚባል ሰው ነበር፤ አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ኦዳዋ፤ በደፈጣ ስሙ የታወቀ። ጁላይ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎችን ይዞ የሞንሞራንሲን ወንዝ በላይኛው መልካ ተሻገረና ከእንግሊዞቹ አፍንጫ ሥር አደፈጠ። እንግሊዞቹ አላዩትም። ላንግላድ ወደ ኋላ ተመልሶ የሞንካልምን ምክትል ጄኔራል ሌቪን «ሰው ጨምርልኝ፣ እንጨርሳቸዋለን» አለው። ሌቪ በራሱ ሥልጣን ማዘዝ ፈርቶ ወደ ቮድሬይ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ሄዶ እስኪመለስ ሰዓታት አለፉ። ያደፈጡት ትዕግሥታቸው አለቀ፤ ብቻቸውን ተኩሰው ሬንጀሮቹን እያሳደዱ ጥለው ጥለው፣ መደበኛው ጦር ሲደርስ ወደ ጫካቸው ተመለሱ። ድል ነው፤ ግን ትንሽ ድል።

የከበባው በሽታ ይህ ነበር። በጫካ ውጊያ በዚያ አህጉር የሚወዳደራቸው የሌለ ሰዎች በእጃቸው ነበሩ፤ የእነሱን ተኩስ ከዋናው ጦር እንቅስቃሴ ጋር የሚያያይዘው ትእዛዝ ግን አልነበረም።

የራስ ቆዳ መግፈፍና የቤት ቃጠሎ የማን ሥራ ነበር?

የራስ ቆዳ ከነጠጉሩ መግፈፍን ሁለቱም ወገን አድርጎታል። የተወላጆቹ ተዋጊዎች የቆየ የጦር ልማድ ነበር፤ ካናዳውያኑም ሬንጀሮቹም ይዘውታል። ዎልፍ በጁላይ 27 ድርጊቱን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ፤ በዚያው ዐረፍተ ነገር ግን ጠላት ተወላጅ ከሆነ፣ ወይም እንደ ተወላጅ የለበሰ ካናዳዊ ከሆነ ክልከላው አይመለከተውም አለ። ጫካ ውስጥ ከሩቅ ማን ምን እንደለበሰ የሚለየው ማን ነው?

ቃጠሎው ግን የእንግሊዞቹ ሥራ ነው። ዎልፍ በመጀመሪያ ለባላገሩ አዋጅ አወጣ፤ ቤታችሁ ተቀመጡ፣ ከንጉሥና ከንጉሥ ጠብ ውጡ፣ አንነካችሁም የሚል። አዋጁ በቦሞን መንደር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተለጠፈ። ባላገሩ አልሰማውም፤ ቀን ገበሬ፣ ሌሊት ተኳሽ ሆኖ ቀጠለ። ሌላ አዋጅ ወጥቶ እስከ ኦገስት 10 ቀነ ገደብ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ መንደሮች ይነዱ ጀመር። በሴፕቴምበር በደቡቡ ዳርቻ የተላከው ሜጀር ጆርጅ ስኮት 52 ማይል ተጉዞ 998 ሕንፃ ማቃጠሉን ቆጥሮ ሪፖርት አድርጓል። ያ ቁጥር ሁልጊዜ ይገርመኛል። አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ከቤት ቤት እየተዞረ፣ እንደ መጋዘን ዕቃ ተቆጥሮ የተመዘገበ ቃጠሎ ነው። በዚያው ሪፖርት ከተያዙት 15 ሰዎች ውስጥ ስድስቱ ሴቶች፣ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው በኦገስት 23 በሳን ዮአኪም ደብር የሆነው ነው። የደብሩ ቄስ ፊሊፕ-ረኔ ደ ፖርትነፍ ከምእመናኖቻቸው ጋር ሆነው ሲከላከሉ ተገደሉ። እጃቸውን የሰጡ ሰዎች ሳይቀሩ በአንድ እንግሊዛዊ ሻምበል ትእዛዝ መገደላቸውን የዚያው ጦር መኮንን ማልኮም ፍሬዘር እየተጸየፈ በማስታወሻው ጽፎታል።

ሚሊሺያው ያለ መለዮ መዋጋቱ ቃጠሎውን አመጣው የሚሉ አሉ። ምክንያት ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዎልፍ የፈለገው ሌላም ነገር ነበር፤ ሞንካልም መንደሮቹ ሲነዱ አይቶ ከምሽጉ እንዲወጣለት። ሞንካልም አልወጣም። ስለዚህ ቃጠሎው ለታሰበለት ዓላማ እንኳ አልጠቀመም።

በሴፕቴምበር 13 ሌሊት ቃፊሮቹ ተኝተው ነበር?

ሁሉም አልተኙም፤ የተነገራቸው ነገር ነው ያሳሳታቸው። በዚያች ሌሊት የእህል ጀልባዎች ከላይ ወደ ከተማዋ እንደሚወርዱ ዘቦቹ ያውቁ ነበር። ጉዞው መሰረዙን የነገራቸው የለም። የዎልፍ ጀልባዎች በጨለማ ሲወርዱ ዘቡ «ማን ነህ?» አለ፤ ፈረንሳይኛ የሚችል የስኮትላንድ መኮንን «ፈረንሳይ!» ብሎ መለሰለት፤ አለፉ። ፉሎን በተባለው ወሽመጥ 24 በጎ ፈቃደኞች ገደሉን ቀድመው ወጡ። ከላይ የነበረው፣ ቬርጎር የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የሚያዝዘው ዘብ ጥቂት ተኩሶ ተበተነ። ሲነጋ 4,400 ያህል የእንግሊዝ ወታደር ከቅጥሩ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር።

በአብርሃም ሜዳ ላይስ አዳፋጮቹ ምን ሠሩ?

ሥዕሎቹ የማያሳዩት ይህንን ነው። የሰልፍ ጦሮቹ የተጋጠሙት ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ለሰዓታት፣ በሜዳው ግራና ቀኝ ከሚገኘው ቁጥቋጦ ሚሊሺያውና ተወላጆቹ በእንግሊዞቹ ላይ ሲተኩሱ ነበር። ዎልፍ ሰዎቹን መሬት ላይ እንዲተኙ አዘዘ። በሰሜን በኩል ባለው የቦርዣ ቤት ዙሪያ ለብቻው ትንሽ ጦርነት ተደረገ፤ እንግሊዞቹ ያዙት፣ ካናዳውያኑ አጠቁት፣ በመጨረሻም ነደደ። ዎልፍ ራሱ መጀመሪያ የእጁን አንጓ፣ በኋላ ሆዱንና ደረቱን የተመታው በቀኝ ክንፉ፣ ለቁጥቋጦው ቀርቦ ሳለ ነው፤ የገደለው ጥይት ከዚያ የመጣ ነው ብለው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው።

አሁን ያ የመተኛት ልማድ። ሞንካልም የመደበኛ ሻለቆቹን ቁጥር ለመሙላት ሚሊሺያዎችን በሰልፉ መሐል ደባልቋቸው ነበር። ከበሮ ተመታ፣ ሰልፉ ተራመደ፣ ገና ሩቅ ሳለ ተኮሰ። ካናዳውያኑ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ወድቀው ማጉረስ ጀመሩ። ከኋላ የሚመጣው መደበኛ ወታደር የወደቀው ሞቶ ይሁን ተኝቶ አያውቅም፤ ሰልፉ ተበጣጠሰ። እንግሊዞቹ 40 ሜትር ያህል እስኪቀርብ ጠብቀው በአንድ ላይ ተኮሱ። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። የፈረንሳይ ጦር ወደ ሴንት ሻርል ድልድይ ሲሸሽ፣ 78ኛው የስኮትላንድ ደገኞች ሬጅመንት ጎራዴውን መዝዞ ተከተለ። በሳንት ዠንቪየቭ ቁልቁለት ላይ ባለው ጥሻ ውስጥ ያንኑ ከሰልፉ የተበተነ ሚሊሺያ አገኘው። እዚያ ያዘዘው ጄኔራል የለም፣ ከበሮ የለም፤ ዛፍና የለመደው ጠመንጃ ብቻ አለ። ሬጅመንቱን ገትሮ ያዘው፤ እንግሊዞቹ ሌላ ጦር እስኪጨምሩ ድረስም አላሳለፈም። የዚያን ቀን ከእንግሊዝ ሬጅመንቶች ሁሉ ይበልጥ የተጎዳው 78ኛው ነው። የፈረንሳይ ጦር ድልድዩን ተሻግሮ የዳነው በእነዚህ ሰዎች ነው። «ሚሊሺያው ፈርቶ ሸሸ» የሚል መጽሐፍ ካጋጠመዎት፣ ይህን ሰዓት ዘሎታል ማለት ነው።

በውጊያው የቆሰለው ሞንካልም በማግስቱ ንጋት ሞተ። ራምዜ ከተማዋን በሴፕቴምበር 18 አስረከበ።

ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ተኩሱ ቆመ?

ቦታ ተለዋወጠ እንጂ አልቆመም። የበረዶውን ክረምት ሙሉ ጄምስ መሪ የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል ከነጦሩ ቅጥሩ ውስጥ ሲሆን ፈረንሳዮቹ ውጭ ሆኑ። ይህ ጄኔራል በሳንት ፎይና በሎሬት መንደሮች ቃፊር አስቀመጠ፤ በበረዶ ጫማ እየሄዱ ይዋጉ ነበር። ከጥይቱ በላይ የጨረሳቸው ግን ስከርቪ የተባለው፣ ትኩስ አትክልት በማጣት የሚመጣው በሽታ ነው። በኤፕሪል 28 ቀን 1760 ሌቪ በሳንት ፎይ ውጊያ አሸንፎ ከተማዋን መልሶ ከበበ፤ በሜይ ወር የእንግሊዝ መርከቦች ሲደርሱ ግን ጥሎ ሄደ።

ዛሬ ቢሄዱ ምን ይታያል?

ቅጥሩ አለ፤ 4.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከኋለኞቹ ዘመናት ጭማሪ ጋር። አሮጌው ከተማ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአብርሃም ሜዳ መናፈሻ ነው፤ ሰው ይሮጥበታል፣ ክረምት ላይ በበረዶ ይንሸራተትበታል። የሞንሞራንሲ ፏፏቴ፣ 83 ሜትር ቁመቱ፣ እንደ ድሮው ይወርዳል። ሚሊሺያው 78ኛውን ያቆመበት ጥሻ ግን የለም፤ ቁልቁለቱ ላይ መኖሪያ ቤቶችና ደረጃዎች ተሠርተውበታል። ከላይኛው ሰፈር ወደ ታችኛው በእግር የሚወርድ ሰው በዚያ ሲያልፍ፣ የመሬቱ ዳገትነት ለምን ለአዳፋጭ እንደተመቸ በጉልበቱ ይረዳዋል።